ያቆምኩበት ገጽ

በአጥቢያችን የወጣቶች ኅብረት የመጻሕፍት መዝገብ ላይ በገዛ እጄ «ተነብቧል» ብዬ የፈረምኩበት፣ ነገር ግን ያላነበብኩት አንድ መጽሐፍ አለ። መጽሐፉ 400 ገጽ ገደማ ነው። እኔ የደረስኩት ገጽ 61 ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚያ መጽሐፍ፣ ይልቁንም ስለዚያ ፊርማ ነው።

ርዕሱን አልነግራችሁም። መጽሐፉ አልበደለኝም፤ ከእናንተ መካከልም ወዶት ለጓደኛው ያዋሰ ይኖራል። ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ፣ ስለ ጸሎት ሕይወት የሚናገር፣ ዐረፍተ ነገሮቹ የረዘሙ መጽሐፍ ነው ካልኳችሁ ይበቃል።

ሀደሮን የማታውቁ ካላችሁ የእንሰትና የዝንጅብል አገር ናት። ጓሮው እንሰት ነው፤ ማሳው ዝንጅብል ነበር። «ነበር» ያልኩበትን ምክንያት ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። በእኛ ልጅነት መጽሐፍ መግዛት የፈለገ ሰው ወደ ዱራሜ ወይም ወደ ሆሳዕና መሄድ ነበረበት፤ የመሳፈሪያው ሲደመርበት መጽሐፍ የሀብታም ዕቃ ይሆናል። ስለዚህ በ2011 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ የሚኖር አንድ የአካባቢያችን ተወላጅ ሁለት ካርቶን መጻሕፍት ለኅብረታችን ሲልክልን ደስታችን ልክ አልነበረውም። ከአሮጌ ጣውላ ቁም ሣጥን ተሠራ፣ ቁልፍ ተገዛ፣ መዝገብ ተከፈተ። እኔ ከዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ሥራ እየፈለግሁ ቤት የተቀመጥኩበት ጊዜ ስለነበር ቁልፉም መዝገቡም ለእኔ ተሰጠ። መዝገቡን በማስመሪያ ያሰመርኩት እኔ ነኝ፤ ተራ ቁጥር፣ ርዕስ፣ የወሰደው ሰው ስም፣ የወሰደበት ቀን፣ የመለሰበት ቀን፣ በመጨረሻም «ተነብቧል» የምትል ዓምድ ከፊርማ ቦታ ጋር። ያችን የመጨረሻዋን ዓምድ እንድጨምር ማን እንዳዘዘኝ ለማስታወስ ብዙ ሞክሬያለሁ። ማንም አላዘዘኝም መሰለኝ።

የመጀመሪያው ተዋሽ እኔው ነበርኩ፤ የመረጥኩትም ወፍራሙን ነው። ኃላፊ ነኛ!

እስከ ገጽ 20 ድረስ እርሳስ ይዤ እያሰመርኩ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ እርሳሱ ጆሮዬ ላይ ተሰክቶ ቀረ። ቀጥሎ የሆነውን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ዓይን መስመሩን ተከትሎ ይሄዳል፣ ልብ ገበያ ይውላል። አንዱን አንቀጽ ሦስት ጊዜ አንብቤ «ምን ይላል?» ብባል የምመልሰው አልነበረኝም። መብራት ሲጠፋ ሰበብ አገኘሁ ብዬ ደስ ይለኛል፤ ሲመጣ ይከፋኛል። ገጽ 61 ላይ ስደርስ የእሑድ ፕሮግራም ወረቀት አጥፌ ምልክት አደረግሁበትና ትራሴ ሥር ከተትኩት። ሦስት ሳምንት ተኛሁበት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያነበብነውን የምናካፍልበት ጊዜ ነበረን። ኅዳር 2012 ዓ.ም. ላይ ተራዬ ደረሰ። ዛሬም ሳስበው ጆሮዬ ይግላል። መግቢያውን አንብቤ ነበር፤ የጀርባውን ጽሑፍም አንብቤ ነበር፤ ማውጫውን በቃሌ ይዤዋለሁ። ከእነዚህ ተነሥቼ ሃያ ደቂቃ ተናገርኩ። ሲያልቅብኝ «ይህ መጽሐፍ የጸሎት ሕይወቴን ለውጦታል» አልኩ። «አሜን!» ተባለልኝ። ተቀመጥኩና መዝገቡን ከፍቼ ፈረምኩ።

ውሸት ነው። ስሙን አላለሳልሰውም። ግን ያን ዕለት የዋሸሁ አልመሰለኝም፤ ለመጽሐፉ ክብር የሰጠሁ ነው የመሰለኝ። እኛ ያደግነው የተጀመረን ነገር ማቋረጥ ነውር በሆነበት ቤት ነው። «ላያዘልቅ ጸሎት ለቅስፈት» እየተባልን። በስብከትም እርፍ ጨብጦ ወደ ኋላ ስለሚያይ ሰው ስንት ጊዜ ሰምተናል? ያ ቃል የተነገረው ጌታን ስለመከተል እንጂ 400 ገጽ ስለመጨረስ አለመሆኑን የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ደግሞም መጽሐፍ ብርቅ በሆነበት አገር መጽሐፍን ከመካከል መተው እንጀራ እንደ መጣል ይቆጠራል። ስለዚህ እንጀራውን አልጣልኩም፤ በልቻለሁ ብዬ ደበቅሁት።

ከአዳማጮቹ መካከል አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ስሟን አልጽፍም። ዝምተኛ ናት፤ ከመዘምራን መካከል ሁልጊዜ በኋላኛው ረድፍ የምትቆም። ስብሰባው ሲያበቃ ሰው እስኪወጣ ጠብቃ መጣችና «ያን መጽሐፍ» አለችኝ። የትኛውን አላልኳትም። ታኅሣሥ ሲገባ ሰጠኋት። ከመስጠቴ በፊት ገጽ 61 ላይ የነበረችውን ወረቀት አወጣሁ። ያን ያህል ተጠንቅቄያለሁ።

መጋቢት ላይ ኮሮና መጣ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ስብሰባ ቆመ፣ ኅብረታችን በየቤቱ ተበተነ። የቁም ሣጥኑ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነበር። ውስጡ ሌሎች መጻሕፍት ነበሩ፤ ቀጫጭን የሕይወት ታሪኮች፣ አጫጭር ልብ ወለዶች፣ ለልጅ እንኳ የሚሆኑ። አንድ ቀን ዞር ዞር ብዬ «ማን ምን ይፈልጋል?» ማለት እችል ነበር። አላደረግሁትም። መጽሐፉን የመለሰችው በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው፤ በጋዜጣ ጠቅልላው፣ አንድ ገጽ ሳይታጠፍ። «ተነብቧል» በሚለው ዓምድ ላይ አልፈረመችም፤ እኔም ፈርሚ አላልኳት። ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ አልወሰደችም። ቆይታ ቅዳሜ ከሰዓቱንም ተወችው። «ለ12ኛ ክፍል ፈተና እያጠናች ነው» ብለን አለፍነው።

በ2014 ዓ.ም. ለጉባኤ የሚሆን ፕሮግራም ላባዛ አንድ የፎቶ ኮፒ ሱቅ ገባሁ። ማሽኑ አጠገብ የቆመችው እሷ ናት። ሰላም ተባባልን፤ ስለ ቤተሰብ ተጠያየቅን። ከዚያ እንደ ማንኛውም የኅብረት መሪ «ለምን ጠፋሽ?» አልኳት።

«መቼ ጠፋሁ? እሑድ እሑድ እመጣ የለም?»

«የቅዳሜውን ማለቴ ነው። የንባቡን።»

ወረቀት እየቆጠረች ነበር። መቁጠሯን ሳታቋርጥ፣ «እኔ የንባብ ሰው አይደለሁም፣ ጋሼ» አለችኝ።

«ማን አለ?»

«መጽሐፉ ራሱ።»

ከዚያ በከምባትኛ ቀጠለች፤ ነገሩ ሲከብዳት ወደ ቤቷ ቋንቋ የገባች ይመስለኛል። የመጀመሪያውን ምዕራፍ አራት ጊዜ አንብባዋለች። ሁሉም ነገር በተዘጋበት በዚያ ጊዜ ቤት ውስጥ የነበራት ሌላ መጽሐፍ የትምህርት ቤት ብቻ ነበር። መጀመሪያ «አማርኛዬ ደካማ ስለሆነ ነው» ብላ መዝገበ ቃላት ተዋሰች። ቃላቱን አወቀች፤ መጽሐፉ ግን ያው ዝም አላት። ከዚያ ጸለየችበት። በመጨረሻ ያለችውን እንዳለ ላስቀምጠው፤ «አንተን ለውጦህ እኔን ዝም ሲለኝ፣ ችግሩ እኔ ጋ ነው አልኩ።»

ልብ በሉልኝ፤ የምታወራው ስለ ንባብ ብቻ አልነበረም። መጽሐፉ ስለ ጸሎት ነው። ከመጽሐፉ ጋር አለመግባባቷን ከእግዚአብሔር ጋር አለመግባባት አድርጋ ቆጥራዋለች። እኔ ሃያ ደቂቃ ተናግሬ አሜን የተባልኩበትን ነገር እሷ ዐሥር ወር ተሸክማዋለች።

ማሽኑ ወረቀት ያወጣል፤ ሌላ ደንበኛ በር ላይ ቆሟል። «እኔም አልጨረስኩትም» አልኳት።

ቀና አለች። «ስንት ደረስክ?»

«61።»

ትስቃለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁና እንድትስቅልኝ ፈልጌ ነበር፤ ብትስቅ ይቅር የተባልኩ ይመስለኝ ነበር። አልሳቀችም። «እኔ 38» አለች። ትንሽ ቆይታም፣ «ያን ቀን 61 ብለኸን ቢሆን ኖሮ...» ብላ ተወችው። ወረቀቱን በላስቲክ አስራ ሰጠችኝ፣ ሒሳቡን ተቀበለች፣ መልሱን ቆጥራ መዳፌ ላይ አስቀመጠች፣ ወደሚቀጥለው ደንበኛ ዞረች።

«አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ» ይባላል። የእኔ ግን ባሰ፤ አለባብሼ ያረስኩት እኔ፣ አረሙ የበቀለው በሌላ ሰው ማሳ ላይ።

ያን ሰሞን ሁለት ሰዎች ትዝ እያሉኝ እንቅልፍ አጣሁ። የመጀመሪያውን ከሰንበት ትምህርት ጀምሮ ታውቁታላችሁ፤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ያለው ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ። ስለ እሱ ስንሰብክ ብዙ ጊዜ ወደ ጥምቀቱ እንሮጣለን። እስቲ ሠረገላው ላይ ትንሽ ቆዩ። ሰውዬው የንግሥቲቱ ባለሟል ነው፤ ግምጃ ቤቷ ሁሉ በእጁ ነው። ለመስገድ ኢየሩሳሌም ደርሶ እየተመለሰ ነው። የኢሳይያስን መጽሐፍ ይዟል፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጥቅልል በእጁ ያለው ስንት ሰው ነበር? በእግሩ ሮጦ የመጣ አንድ መንገደኛ ታዲያ የምታነበው ይገባሃል ወይ ብሎ ይጠይቀዋል። እኔ ብሆን ኖሮ ማውጫውን እነግረው ነበር። ጃንደረባው ግን የሚመራው ሰው ከሌለ እንዴት ሊገባው እንደሚችል መልሶ ጠየቀና ፊልጶስን አጠገቡ አስቀመጠው። የሆነው ሁሉ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። «እንዴታ፣ ይገባኛል!» ብሎ ቢሆን ሠረገላው ዝም ብሎ ያልፍ ነበር።

ሁለተኛው አውግስጢኖስ ነው። የዛሬዋ አልጄሪያ በምትባለው አገር የተወለደ አፍሪካዊ ነው፤ ኋላ የሂፖ ጳጳስ የሆነው። ሚላን ውስጥ የንግግር ጥበብ መምህር ሳለ ሊጠመቅ ወሰነና ለጥምቀቱ እንዲዘጋጅ ምን ቢያነብ እንደሚሻል ጳጳሱን አምብሮስን በደብዳቤ ጠየቀው። አምብሮስ ኢሳይያስን አንብብ አለው። ያው መጽሐፍ! አውግስጢኖስ ጀመረው፤ የመጀመሪያው ክፍል አልገባው አለ፤ የቀረውም እንደዚያው መሰለውና የመጽሐፉን አነጋገር እስኪለምድ ድረስ ብሎ ለሌላ ጊዜ አቆየው። ይህን ራሱ ነው «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ የጻፈው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ387 የፋሲካ ሰሞን አምብሮስ አጠመቀው፤ ኢሳይያስን አልጨረስክም ተብሎ ከውኃው አልተመለሰም። በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ልጅ ሳለ የግሪክን ቋንቋ በማስፈራራትና በቅጣት ስላስተማሩት የሆሜርን ታሪኮች እንደጠላ፣ ታሪኩ ጣፋጭ ሆኖ ሳለ የባዕድ ቋንቋው ጭንቀት እንዳመረረበት ይናገራል። ይህን ሳነብ የፎቶ ኮፒ ሱቁ ነው የታየኝ። ቤታችን በከምባትኛ ያደግን፣ አማርኛን ትምህርት ቤት የተማርን ልጆች አንድ የአማርኛ መጽሐፍ ሲሰለቸን የሰለቸን መጽሐፉ ይሁን ቋንቋው ቶሎ አንለየውም። እኔ ያን መዝገበ ቃላት አልፈለግሁትም ነበር፤ ቃላቱን አውቃቸዋለሁ። ያም ሆኖ አልሄደልኝም። ይህን አንድ ነገር ብታውቅ፣ አማርኛዋን ባልጠረጠረችው።

አንዱ አልገባኝም ብሎ አስተማሪ ጋበዘ፤ ሌላው አልገባኝም ብሎ መጽሐፉን አቆየው። ሁለቱም አንብበን ጨርሰናል ብለው አልፈረሙም።

ንጉሥ ኢዮአቄምም ትዝ ብሎኝ ነበር፤ የኤርምያስ ጥቅልል ሲነበብለት ሦስት ወይም አራት ዓምድ በተነበበ ቁጥር በካራ እየቀደደ እሳት ውስጥ የጣለው። ግን እሱ መጽሐፉ ሰልችቶት አይመስለኝም። ደኅና አድርጎ ገብቶታል።

አባቴ ደግሞ መጽሐፍ አቋርጦ አያውቅም፤ ምክንያቱም የሰማው በሬዲዮ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ፕሮግራም ላይ ሲተርከው አባቴ ከጎረቤት ጋር አንድ ሬዲዮ ከብበው ሰምተውታል። እኔ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ መጽሐፉን አንድ መምህር አዋሰኝና ጀመርኩት። ሁሉም ሰው ስለ ሰብለ ወንጌልና ስለ በዛብህ ነው የሚያወራው፤ መጽሐፉ ግን የሚጀምረው ከበዛብህ ወላጆች፣ ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ ነው። ሰብለን ስጠብቅ ስጠብቅ ደከመኝ። ልመልሰው ስል አባቴ አየኝና «ጉዱ ካሣ ጋ ደረስክ?» አለኝ። አልደረስኩም አልኩት። «እንግዲያ ዝለልና እሱን ፈልገው፤ ካልሳቅህ መልሰው» አለኝ። ዘለልኩ፤ ሳቅሁ፤ እስከ መጨረሻው ሄድኩና ወደ ዘለልኩት ተመለስኩ። አሁን ቦጋለና ውድነሽ የሚተዋወቁበት ክፍል ከመጽሐፉ ሁሉ ይበልጥብኛል። አባቴ መዝለልን ከየት እንደተማረ አላውቅም፤ ሬዲዮ እንደሆነ አያዘልልም።

አሁን ወደ ዝንጅብሉ ልመለስ። እኔ 9ኛ ክፍል በነበርኩበት በ2004 ዓ.ም. ገደማ የሚያጠወልግ በሽታ ገባ። ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፣ ግንዱ ይተኛል፣ ስትቆፍሩት ሥሩ በስብሶ ውኃ ሆኗል። ባክቴሪያው አፈር ውስጥ ስለሚቆይ በዚያው ማሳ ላይ ደግሞ የተከለ ሰው ደግሞ ያጣል። አባቴ ሁለት ዓመት ደጋግሞ ተከለ፤ ዘሩንም በብድር ገዝቶ። «ዝንጅብል ነው ያሳደገን» ይል ነበር፤ እውነቱን ነው፤ የእኔ ደብተርና ጫማ ከዝንጅብል ነው የወጣው። በሦስተኛው ዓመት አንድ ጠዋት ምንም ሳይናገር በቆሎ ዘራ። እናቴ ያን ቀን ቡና አፍልታ ጎረቤት እንደጠራች አስታውሳለሁ፤ እንደ ደስታ ቀን። እንሰት ግን እንዲህ አይደለም። ዛሬ ተክላችሁ ከርሞ ቆጮ አትበሉም፤ ዓመታት ይፈልጋል፣ በመካከሉም ተነቅሎ ቦታ ይቀየርለታል። ገና ነው ተብሎ የተተወ እንሰት የተጣለ እንሰት አይደለም። እኔ ለምሳሌ በ1962 ዓ.ም. የታተመውን የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» ሆሳዕና ተማሪ ሳለሁ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ትቼዋለሁ፤ ቃላቱ ዳገት ናቸው። ግን ሄዶ ሄዶ ይመጣብኛል፤ እንሰት ነው። የትኛው መጽሐፍ የታመመ ዝንጅብል፣ የትኛው ያልደረሰ እንሰት እንደሆነ እንዴት ይለያል ብትሉኝ፣ እኔ ትቼው ሳበቃ ነው የማውቀው። አንዳንዱ ከተዘጋ በኋላ ይጠራል። አንዳንዱ አይጠራም።

«መጽሐፍ ቅዱስንስ?» የሚል እንዳለ አውቃለሁ፤ በኅብረታችንም ይኸው ጥያቄ ተነሥቷል። በዓመት አንድ ጊዜ እናነባለን ብለን መስከረም ላይ ስንጀምር 40 ነበርን። ዘፍጥረት ሲያልቅ፣ ዘጸአት ሲጋመስ ሁላችን አለን። ኦሪት ዘሌዋውያን ላይ ግን ሰልፉ ይሳሳል። እዚህ ላይ መጽሐፍ ቅዱስን ከቁም ሣጥኑ መጻሕፍት ጋር አልቆጥረውም፤ እሱን የምናነበው እስኪያስደስተን ድረስ ብቻ አይደለም። ነገር ግን የንባብ ሰሌዳው ላይ ያላነበብነውን ቀን «√» የምናደርግ ስንቶቻችን ነን? እኔ አድርጌያለሁ።

ከዘሌዋውያን ያወጣኝ የሰባ ዓመት አባት ነው፤ ከፊደል በቀር ብዙ ያልተማረ የአጥቢያችን ሽማግሌ። እንደማይገባኝ ስነግረው «አንብብልኝ» አለኝ። ምዕራፍ 3ን አነበብኩለት፤ የሆድ ዕቃውን ስለሚሸፍነው ሞራ፣ ስለ ሁለቱ ኩላሊቶች፣ ስለ ጉበቱ። ፊቱ በራ። «ይሄማ በሬ ሲታረድ ነው!» አለ። ለመሳላ፣ ለመስቀል ማለቴ ነው፣ ጎረቤት ገንዘብ አዋጥቶ በሬ ሲጥል ከልጅነቱ ጀምሮ ቢላ የሚይዘው እሱ ነው። እያንዳንዱ ነገር ሆድ ውስጥ የት እንዳለ፣ ሞራው እንዴት እንደሚገፈፍ፣ ከሥጋው የትኛው ለማን እንደሚሰጥ በእጁ እያሳየ ነገረኝ። እኔ በዲግሪዬ የፈራሁትን ምዕራፍ እሱ በቢላው አነበበው።

ለእሱ ነበር ስለ ፊርማዬ መጀመሪያ የነገርኩት። እንደሚቆጣ ገምቼ ነበር። በደርግ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ሲዘጋ መጻሕፍትን በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ከቤት ቤት ያሸሹ ሰዎች ናቸው፤ እንደ እነሱ ያለ ሰው ፊት «መጽሐፍ ሰለቸኝ» ማለት ያሳፍራል። «እናንተ በዚያ ሁሉ መከራ ያነበባችሁትን እኛ በሰላም ማንበብ አቃተን» አልኩት።

ሳቀ። «የደበቅነውን ሁሉ አንብበነዋል ያለህ ማን ነው?» አለኝ። ከዚያ ሳቁን አቆመና «ለልጅቷ ግን ነግረሃታል?» አለኝ። ነግሬያታለሁ አልኩት። «ለቀሩትስ? አሜን ላሉት?»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ነገርኳቸው። ረጅም አላደረግሁትም። አንዳንዶቹ ሳቁ፤ አንዱ «እኔም እኮ ያን የቤተሰቡን መጽሐፍ...» ብሎ ጀመረ፤ ከዚያ ሌላው። አንድ ወንድም ግን ተቀየመኝ፤ ያን መጽሐፍ በእኔ ምስክርነት ገንዘብ አጠራቅሞ ለእጮኛው ስጦታ ገዝቶት ነበር። እስካሁን ሰላምታው ቀዝቀዝ ያለ ነው። መብቱ ነው።

መዝገቡን እንደገና አሰመርኩት። «ተነብቧል» የሚለውን ትቼ በቦታው «ያቆመበት ገጽ» አልኩ። የጨረሰ የመጨረሻውን ገጽ ቁጥር ይጽፋል፤ ያልጨረሰ የቆመበትን። በመጀመሪያው መስመር ላይ ስሜን ጻፍኩና 61 አልኩ። አዲሱን ቅጽ ለማባዛት ወደዚያው ሱቅ ሄድኩ። እሷ ወረቀቱን መስተዋቱ ላይ ከማስቀመጧ በፊት አነበበችው። ከዚያ ከጆሮዋ ላይ እስክሪብቶ አውርዳ ከእኔ ስም ሥር የራሷን ስምና 38 ጻፈችበት። «አሁን ይባዛ?» አልኳት። «አይ፣ ይሄ ዋናው ነው፤ ሌላ አስምር» አለችኝ። እዚያው ቆሜ ሌላ አሰመርኩ።

እሷም መጽሐፍ መውሰድ ጀምራለች። መጀመሪያ የወሰደችው 47 ላይ ቆመ። ሁለተኛውን በሁለት ሌሊት ጨረሰችው፤ የአንዲት ነርስ የሕይወት ታሪክ ነው፤ ከዚያ ለእናቷ በከምባትኛ እየተረጎመች ደግማ አነበበችላት። ሦስተኛው 12 ላይ ቆመ። «12 ያሳፍራል እንዴ?» አለችኝ። እኔ አንዱን 4 ላይ አቁሜያለሁ።

ያ ወፍራሙ መጽሐፍ ለረጅም ጊዜ አልወጣም ነበር፤ 61 እና 38 የሚሉ ቁጥሮች እያሉት ማን ይደፍራል? ባለፈው ወር ግን አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ ወሰደው። ሐሙስ ዕለት ከሱቁ ፊት ለፊት አገኘሁትና «የት ደረስክ?» አልኩት።

«150 አልፌያለሁ። ደስ ይላል።»

እውነቱን ለመናገር አላመንኩትም። ሌባ ሌባን ይጠረጥራል። «ስለ ምን ያወራል?» ብዬ ያዝኩት። ልጁ ቦርሳውን መሬት አስቀምጦ ይነግረኝ ጀመር፤ ጸሐፊው ከገጽ 90 በኋላ ስለ እናቱ ሕመም መጻፍ እንደሚጀምር፣ ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ እሱንም እንዳደከመው፣ ነገር ግን አሁን ተመልሶ ሲያየው ሰውዬው መጸለይ አቅቶት የጻፈው እንደሚመስለው። ግማሽ ሰዓት ቆምን። ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ድምፁ ጠፋ። ዞር ስል እሷ በር ላይ ወጥታ ቆማለች።

«ቆይ» አለችው፤ «38 ላይ ያ ልጅ ከቤት ወጥቶ ነበር። ተመለሰ?»